የኔታን የማድረስ ተራ

የጣልያኑ አስተርጓሚ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። አደጋው የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ልጄ የኔታ ፊት ቆማ ነበር። ሰባት ዓመት ቢሆናት ነው። እንደ ወትሮዋ ጉልበታቸውን ስማ፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ የቤታችንን አዳር ትነግራቸዋለች።

«ደህና አደርን፣ የኔታ። ጥጃዋ ሣር መጋጥ ጀመረች። እምዬን ጥርሷን አሟታል። አባባ ትናንት ከጨው ነጋዴው ጋር አህያ እየነዳ መጣ። ሸንኮራ አመጣልኝ። ወዲያው ሄደ።»

«እሰይ፣ እሰይ» አሉ የኔታ። «ጤናውስ እንዴት ነው?»

«ያስለዋል።»

ድምጿ ጥርት ያለ ነው። የኔታ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ጆሯቸውም ደከም ብሏል። ስለዚህ ተማሪው ሁሉ ከደረቱ አውጥቶ የመናገር ግዴታ አለበት። እኔ ከዋንዛው ሥር ተቀምጬ እፈትላለሁ። አስተርጓሚው ከቤተ ክርስቲያኑ የድንጋይ ካብ ማዶ፣ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ፣ በቅሎው ውሃ ጠጥታ እስክትመለስለት ቁጭ ብሏል። መንገድ ዳር ካለው የጣልያን ምሽግ ወደ ጭቃ ሹሙ ቤት ሲመላለስ የሚያርፈው እዚያ ነው። ጥርሱን መፋቅ ተወ። ዞር ብሎ ግን አላየንም። ዞር ቢል ይሻለኝ ነበር። መፋቂያውን በጣቶቹ መሐል ይዞ እንደ ማሰብ አለና መልሶ አፉ ውስጥ ከተተው። የእኔ እንዝርት መሬት ወድቋል፤ ክሩም ተበጥሷል።

ባሌ ጫካ ከገባ ሁለት ክረምት አልፎ ነበር። ጣልያን ቤት ለቤት ሰው ሲጽፍ፣ «ለንግድ ዓባይ በረሃ ወርዶ ቀረ። ወባ ይብላው ሽፍታ ይብላው አላውቅም» ብዬ አስጽፌአለሁ። የጻፈውም ይኸው አስተርጓሚ ነው። ባሌ እንደ እስላም ነጋዴ ጥምጥም ጠምጥሞ፣ የጨው ነጋዴው አህያ ነጂ መስሎ፣ በወር አንዴ በቀን ብርሃን ብቅ ይላል። ለልጄ «የነጋዴው ሠራተኛ ነው» ብላት በሳሉ አወቀችው። «ለሰው እንዳትነግሪ» አልኋት። አልነገረችም፤ ለጎረቤት እንኳ ትንፍሽ አላለችም። ለየኔታ ግን የሚደበቅ ነገር የለም። ይህ የትምህርት ቤቱ ሕግ ነው። ሕጉን ደግሞ ያስጠናኋት እኔው ራሴ ነኝ።

እኔ እዚያ ምን እሠራ እንደነበር ልንገር። አባቴ ደብተራ ነበር። በልጅነቴ ፊደል አስቆጠረኝ፤ አቡጊዳ ላይ ስደርስ ተዳርሁ፤ ትምህርቴ በዚያው ቀረ። የኔታን ያግዝ የነበረው ዲያቆን ከአርበኞች ጋር ሲሄድ፣ የልጆቹ ስንደዶ የትኛው ፊደል ላይ እንዳረፈ የሚያይላቸው ሰው አጡ። አስጠሩኝና፣

«አንቺ ፊደል ታውቂያለሽ አሉ» አሉኝ።

«የኔታ፣ ካወቅሁት የረሳሁት ይበልጣል።»

«የተረፈሽ ይበቃል። እኔ የቸገረኝ ዓይን ነው።»

ከዚያ ወዲያ በየጥዋቱ ጥጥና እንዝርቴን ይዤ ከልጄ ጋር እሄድ ነበር። ልጆቹ አሥራ አራት ናቸው፤ ሴቶቹ ሦስት ብቻ። «እትዬ ዓይን» ይሉኛል፤ እኔ የማልሰማ እየመሰላቸው።

የኔታ አርጩሜ አልነበራቸውም ብዬ አልዋሽም፤ ነበራቸው። ነገር ግን ዓይን የሌለው ሰው የሰነዘረው አርጩሜ ጥፋተኛውን አያገኝም። አንድ ቀን ለአንዱ ቀበጥ የሰነዘሩት የእኔን ቅልጥም አገኘው። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም እያለቀስሁ ሳቅሁ። «እንግዲህ በሥርዓት እንጂ በአርጩሜ አይሆንም» ብለው አርጩሜዋን ዋንዛው ላይ ሰቀሏት። ወፍ ጎጆዋን ልትሠራ ስትመጣ ይዛት ሄደች መሰለኝ፣ ከዚያ በኋላ አላየኋትም።

ሥርዓታቸው ግን ይገርመኝ ነበር። ካብ መዝለል የለም፤ በበሩ ነው የሚገባው። ሀ ሁ ላይ ያለው ከፊት፣ አቡጊዳ የያዘው ከኋላው፣ ዳዊት የጀመረው ከሁሉ ኋላ ይቀመጣል፤ የኋለኛው የፊተኛውን ያስቆጥራል። ትንሹ ሲሳሳት የሚቀጣው ያስቆጠረው ትልቁ ነው። በዚህ የተነሳ ትልልቆቹ ለትንንሾቹ እንደ ሞግዚት ሆኑላቸው፤ አንዱ ሲያስቆጥር «በል የኔ ጌታ፣ ይህቺን ብቻ፣ ለእኔ ብለህ» እያለ ሲለምን ሰምቻለሁ። ለሽንት የሚወጣ ልጅ አንድ ጠጠር የኔታ እግር ሥር አስቀምጦ ይሄዳል፤ ሲመለስ ያነሳዋል። የኔታ ጠጠሩን በእግራቸው ጣት እየዳበሱ ስንቱ ውጭ እንዳለ ያውቃሉ። ሦስት ከሞላ አራተኛው ተቁነጥንጦ ይጠብቃል።

ከሁሉ የሚከበረው የማድረስ ተራ ነው። ትምህርት ሲፈታ አንድ ልጅ የኔታን በምርኩዛቸው ጫፍ እየመራ፣ በጤፉ ማሳ መሐል ባለችው ቀጭን መንገድ ቤታቸው ያደርሳቸዋል። ተራ የደረሰው ልጅ የዚያን ቀን ፊቱን ታጥቦ፣ እግሩን ፈትጎ ይመጣል። መቅረት ያለበት እንደሆነ ተራውን ለጓደኛው በሁሉ ፊት መስጠት አለበት። ሳይሰጥ ቢቀር የኔታን ሜዳ ላይ ጥሎ እንደመሄድ ነው የሚቆጠረው።

የጥዋቱ የአዳር ጥያቄም እንዲሁ የቆየ ሥርዓት ነው። እያንዳንዱ ልጅ እየቀረበ ጉልበታቸውን ይስማል፤ የቤቱን ደህንነት ጮክ ብሎ ይናገራል፤ አይዋሽም፣ አይደብቅም። የኔታ የማን ከብት እንደታመመ፣ የማን ሴት እንደወለደች፣ የማን ቤት እህል እንዳለቀበት የሚያውቁት በዚህ ነው። እህል ያለቀበትን ቤት ልጅ በሌላ ሰበብ ሽምብራ አስይዘው ሲሰዱት አይቻለሁ።

ያን ቀን ልጆቹ ተፈትተው፣ ባለ ተራው ልጅ ምርኩዙን እስኪያመጣ፣ የኔታን ለብቻቸው አገኘኋቸው።

«የኔታ፣ ይህን የአዳር ጥያቄ ይተዉት።»

«ለምን እተወዋለሁ? አገሩን የማየው በእሱ አይደል?»

ስለ አስተርጓሚውና ስለ መፋቂያው ነገርኋቸው። ባሌን ቢይዙት መስቀያው የት እንደሚተከል የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እሱን መናገር አላስፈለገኝም። እሳቸውም፣

«ታዲያ ልጆቹ ይዋሹ ነው የምትይኝ?» አሉ።

«ዝም ይበሉ ነው የምልዎ።»

«ልጅን ዝም በል ስትዪው ይናገራል። እጁን ባዶ ከተውሽው ድንጋይ ያነሳል። የሚይዘውን መስጠት ነው እንጂ።»

«ምን እናስይዘው?»

«የሚለውን።»

በማግስቱ አዲስ ሕግ ወጣ። ጥዋት ጉልበት የሳመ ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና አደርን» ብቻ ብሎ ይቀመጣል። የቤቱን ወሬ ለማድረስ ተራው ያቆያል፤ ለየኔታ በዚያች ቀጭን መንገድ ላይ፣ ለብቻቸው፣ ይነግራቸዋል። መንገዷ ላይ ካብ የለም፤ ሰው ቢመጣ ከሩቅ ይታያል። ለልጆቹ ግን ምክንያቱን አልነገርናቸውም። «ወሬ እንደ ጠላ ነው፣ ሲቆይ ይበስላል» አሏቸው የኔታ። አመኗቸው።

የመጀመሪያው ሳምንት የሚያሳዝንም የሚያስቅም ነበር። አንዱ ሀ ሁ ቆጣሪ ቀረበና፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና አደርን፣ ላማችን —» ብሎ አፉን በሁለት እጁ ግጥም አደረገ። ወደ ቦታው ሲመለስ ከበቡት።

«ላማችሁ ምን?»

«አልናገርም።»

«ወለደች?»

«ተራዬ ዓርብ ነው አልሁ።»

እስከ ዓርብ ድረስ ያቺ ላም በልጆቹ ዘንድ ሁለት ጊዜ ሞታ፣ መንታ ወልዳ፣ ገደል ገባች። ሐሙስ ዕለት እኔ ራሴ አላስችል ብሎኝ ጎረቤታቸውን ጠየቅሁ። ለካስ የሰው ባቄላ ገብታ ኖሯል።

አፉ ያመለጠው ልጅ ቅጣቱ፣ ቅል ይዞ ከምንጩ ለየኔታ ውሃ መቅዳት እንዲሆን ተደረገ። ምንጩ ቁልቁለት ላይ ነው፤ መንገዱ እንጆሪ አለው፣ ጦጣ አለው። በሦስተኛው ቀን የሚያመልጣቸው በዛ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና አደርን፣ ላማችን ወለደች» አለ አንዱ፣ ረጋ ብሎ።

«አንተ» አልሁት ከዋንዛው ሥር፣ «እናንተ ላም የላችሁም።»

«ብትኖረን ትወልድ ነበር።»

ቅሉን ራሱ አንስቶ ሄደ።

«የኔታ፣ ቅጣቱ ጣፍጧቸዋል» አልኋቸው።

ሥርዓቱ ተገለበጠ። ውሃ የሚቀዳው እስከ እኩለ ቀን አፉን የጠበቀ ሆነ፤ ያመለጠው ተቀምጦ ፊደል ይቆጥራል። ያን ጊዜ ትምህርት ቤቱ ጸጥ አለ። እንደዚያ ያለ ጸጥታ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም፤ አሥራ አራት ሕፃን ወሬውን ጉንጩ ውስጥ እንደ ትኩስ ቆሎ ይዞ።

ሕጉን መጀመሪያ የሰበሩት ራሳቸው የኔታ ናቸው። ልጆቹ ቃሉን ባይጨምሩም ዜማውን መለወጥ ጀምረው ነበር። ደስ ያለው «እግዚአብሔር ይመስገንን» ያዘልለዋል፤ ቤቱ የተጣላበት ወደ መጨረሻው ይጥለዋል። አንድ ጥዋት የኔታ የአንዱን ልጅ ራስ ይዘው፣ «የዛሬው ምስጋናህ አንካሳ ነው። ማን ታመመ?» አሉ።

«የኔታ!» አልሁ።

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጣሉ። ልጆቹ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ሳቁ። «የኔታ ዛሬ ውሃ አይወርዱም፣ የኔታ ዛሬ ውሃ አይወርዱም» እያሉ ዘፈኑባቸው። እሳቸውም፣ «ቅጣቴን ተቀብያለሁ፤ ቁጭ ብዬ ፊደል እቆጥራለሁ» ብለው ከሀ ጀምሮ እስከ ፐ አንድ ሳያስቀሩ ወረዱት።

እንዲህ እየሳቅን አንድ ወር ሊሞላ ሆነ። እኔ ግን ሳቄም እንቅልፌም ግማሽ ነበር። ውሻ በጮኸ ቁጥር በሩን አያለሁ። ለባሌ እንዳይመጣ የምልክበት ሰው ጨው ነጋዴው ብቻ ነው፤ እሱም የሚመጣው ወሩ ሲሞላ ነው።

የነቢያት ጾም በገባ ሰሞን፣ ሰኞ ጥዋት፣ አስተርጓሚው መጣ። ከካቡ ማዶ አልተቀመጠም። በበሩ ዞሮ ገባ፤ ባርኔጣውን አውልቆ የኔታን ጉልበት ሳመ። ልጆቹ እንደሚስሙት አድርጎ ነው የሳመው፤ ግንባሩን አስነክቶ።

«ማነህ?» አሉ የኔታ።

«የቄስ ተማሪ ነበርሁ፣ የኔታ። ዳዊት ደግሜአለሁ።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ እንጀራዬን እበላለሁ።»

«የማን እንጀራ ነው?»

ሳቀ። ከኪሱ ከረሜላ አወጣ። ልጆቹ ወደ ከረሜላው አዩ፤ ከከረሜላው ወደ የኔታ አዩ። «ተቀበሉ፤ ስትፈቱ ትበሉታላችሁ» አሏቸው። ሁሉም በመዳፋቸው ጨብጠው ተቀመጡ። ከረሜላው እየሟሟ በጣታቸው መሐል ሲወርድ እንኳ አንድም የላሰ የለም። አስተርጓሚው ራሱ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። ዳዊት ከጀመሩት አጠገብ፣ ድንጋይ ላይ፣ ቁጭ አለ።

«የኔታ» አለ፣ «የአዳር ጥያቄውን ያሰሙኝ እስቲ። የእኔም የኔታ ይጠይቁን ነበር። ናፍቆኛል።»

የናፈቀው ይመስል ነበር። ያ ነው የበለጠ ያስፈራኝ።

የኔታ ጠየቁ። ልጆቹ አንድ በአንድ እየቀረቡ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና አደርን» እያሉ ተመለሱ። ልጄም እንዲሁ ብላ ልትመለስ ስትል አስተርጓሚው እጁን ዘረጋና አስቆማት።

«አባትሽስ እንዴት አደረ?»

ክሩ ጣቴ ላይ ተጠምጥሞ ቀረ። ልጄ አየችው። ከዚያ ዞር አለች።

«የኔታ፣ ልመልስ?»

«ተራሽ ዛሬ ነው?»

«አይደለም።»

«እንኪያስ ተራሽን ጠብቂ።»

ሄዳ ተቀመጠች። አስተርጓሚው ከልቡ ሳቀ። «የምን ተራ ነው ይሄ?» አለ ወደ ልጆቹ ዞሮ።

እኛ ልጆቹን የቤታቸውን ወሬ አትናገሩ አልናቸው እንጂ ስለ ተራው ዝም በሉ አላልናቸውም። ወር ሙሉ የታፈነ አፍ ሁሉ ባንዴ ተከፈተ። ሥርዓታቸውን የሚጠይቃቸው ትልቅ ሰው አግኝተው አያውቁም።

«ወሬ የሚነገረው የኔታን በማድረስ ቀን ነው!»

«ዛሬ የእኔ ነው!»

«ነገ የእሱ፣ ረቡዕ የእኔ!»

«ሐሙስ የእሷ ነው!» ብለው ሦስት አራቱ ወደ ልጄ ጠቆሙ። እሷም ኮርታ ቀና አለች፤ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ሐሙስ» አለ አስተርጓሚው። «መልካም። ሐሙስ እኔም ላድርስዎ፣ የኔታ። በአንድ ወገን እሷ፣ በአንድ ወገን እኔ።» ተነስቶ ባርኔጣውን አደረገ፤ በእኔ አጠገብ ሲያልፍ፣ «ፈትልሽ ተወሳስቧል፣ እመቤት» ብሎኝ ሄደ።

ልጆቹ ሲፈቱ ከየኔታ ጋር ለብቻችን ቀረን።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «ተራውን አላሰብሁትም።»

«እኔም አላሰብሁት። ተራዋን ብንለውጠውስ?»

«ያን ጊዜ ሳትነግረው ይገባዋል። እሷም የሚጠይቃትን አትዋሸውም። አልዋሽም እንድትል አድርገን አሳድገናታል።» ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አሹት። «ሂጂ። ነጋዴው መቼ ነው የሚመጣ?»

«ረቡዕ ከቀትር በኋላ።»

«ከእሱ ጋር ሂጂ። ለልጅቷ አትንገሪያት።»

ወንድሜ ያለው በጮቄ ግርጌ ነው። እዚያ ደጋ አገሩ በአርበኞች እጅ ነው፤ ጣልያን ከምሽጉ ወጥቶ አይደፍረውም። ባሌም ከዚያ ነው የሚመጣው። ማክሰኞን እንደምንም ዋልሁ። ላሟንና ጥጃዋን ለጎረቤቴ «አንድ ሁለት ቀን እያቸውልኝ» አልኋት። ጎረቤቴ ዓይኔን አይታ ምንም አልጠየቀችኝም።

ረቡዕ ጥዋት ተሳሳትሁ። ልጄን ባዶ እግሯን ለመንገድ ላዘጋጅ ብዬ ቅቤ ስቀባት፣ «ዛሬ አምበር ገበያ እንሄዳለን፤ አጎትሽ ጋ እናድራለን» አልኋት።

«ሐሙስ እንመለሳለን?»

«አንመለስም።»

እሳቱን ላጠፋ ዞር ስል ከቤት የለችም። እየሮጥሁ ካቡ ጋ ስደርስ፣ ልጆቹ ሁሉ ፊት ቆማ የማድረስ ተራዋን ለጓደኛዋ ስትሰጥ አገኘኋት። «ሐሙስ አልኖርም፣ አጎቴ ጋ ነኝ» ትላለች፣ ከደረቷ አውጥታ። ጓደኛዋ በደስታ ትዘላለች። የጭቃ ሹሙ ቤት ማዶ ነው፤ በበሩ የአስተርጓሚው በቅሎ ታስራለች።

«ምን አደረግሽ?» አልኋት።

«ሕጉ ነው፣ እምዬ። ሳልሰጥ ብቀር የኔታን ማን ያደርሳቸዋል?»

እውነቷን ነው። ልመታት ያነሳሁት እጄ ራሷን ዳበሰ።

የኔታ ሁሉን ሰምተዋል። ነጋዴው እስኪመጣ መጠበቅ እንደሌለ ሁለታችንም አወቅን። ልጄ ቀርባ ጉልበታቸውን ሳመች።

«እንዴት አደርሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና አደርን።»

እጃቸውን ራሷ ላይ አድርገው ቆዩ። በልባቸው ደገሙላት መሰለኝ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና፣ «አቡጊዳዋ እንዳይጠፋት፤ አንቺም ጨርሺው» አሉኝ። እግራቸውን ስሜ ወጣሁ። እንባዬን ልጆቹ እንዳያዩት ቶሎ ነው የወጣሁት።

ነጋዴውን በመምጫው መንገድ፣ ወንዙ ማቋረጫ ላይ አገኘነው፤ አህዮቹን ውሃ ያጠጣል። ባሌ በዚህ ጊዜ አብሮት አልመጣም፤ እሰይ አልሁ።

«እታለም፣ ምን ያስሮጥሻል?» አለኝ። «ጨው እንደሆነ አላለቀብኝም።»

ነገርሁት። ፊቱ ተለወጠ፤ ቀልዱን ግን አልተወም። «እንግዲያስ ንግዴ ዛሬ አንድ ሴትና አንዲት ኩርፍተኛ ናት» ብሎ አንዷን አህያ አራገፈ፤ ልጄን ጫናት፤ ጨውን በሌሎቹ ላይ ደለደለው።

ኩርፍተኛ ማለቱ እውነት ነው። ተራዋን ስላስጣልኋት አኩርፋኛለች። ለእኔም ለነጋዴውም አትመልስም። ትልቁን መንገድ ስናቋርጥ ሁለት ባንዳዎች ጠመንጃ ታቅፈው ቆመዋል። አንደኛው ሽማግሌ ቢጤ ነው፤ ወደ ልጄ ቀረበ።

«ማነው ስምሽ፣ ልጄ?»

ዝም።

«አባትሽ ይሄ ነው?»

ዝም። ልጄ አንድ ጊዜ ከጠየቋት እውነቱን ነው የምትናገረው። እሷ ግን ከንፈሯን አሹላ ወደ ማዶ ታያለች።

«ድዳ ናት?» አለ።

«ኩርፊያ ነው» አለ ነጋዴው። «እናቷ ከረሜላዋን በላችባት።»

«አንቺ ሴት፣ የልጅ ከረሜላ ትበያለሽ?»

«ራበኝ፣ ጌታዬ» አልሁ። እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም።

ሁለቱም ሳቁ። ሽማግሌው አህያዋን ቂጧን ቸብ አደረጋትና አለፍን። ነጋዴው ብዙ ከተራመድን በኋላ፣ «ይቺን ኩርፊያ አሏህ ያቆይልሽ» አለኝ። ልጄ የታረቀችኝ ከዚያ ሁለት ወንዝ ተሻግረን ነው፤ እሱም ርቧት።

አዳራችንን የነጋዴው ዘመዶች ዘንድ አደረግን። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ዳገት ወጣን። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ልጄ አህያዋ ላይ ሆና ቀና ብላ አየቻትና፣ «አሁን ተፈቱ። አሁን ጓደኛዬ ምርኩዙን ይዛለች» አለች። እኔም ያሰብሁት እሱን ነበር።

የሆነውን በኋላ ከነጋዴው ሰማሁ። አስተርጓሚው ሐሙስ እንዳለው መጣ። ልጄ የት እንደሄደች ጠየቀ፤ ጓደኛዋም «ተራዋን ለእኔ ሰጥታ ገበያ ሄደች» አለችው። ከዚያ ምርኩዙን በአንድ ወገን ይዞ፣ እሷም በአንድ ወገን ይዛ፣ የኔታን ቤታቸው አደረሳቸው። በመንገድ አንዲት ቃል አልጠየቀም። ሰኞ ዕለት ልጄን እዚያው ሊያስይዛት ሲችል ሦስት ቀን ለምን እንደጠበቀ እኔ አላውቅም። የኔታ «ዳዊት ደግሟል ብሎኛል» ብቻ ነው ያሉት አሉ። እኔ ግን አስተርጓሚውን አላመንሁትም፤ ዛሬም በሕልሜ ሲመጣ ጥርሱን እየፋቀ ነው።

የወንድሜ ቤት ስንደርስ ብርዱ አጥንት ይገባ ነበር። ገብስ እየተወቃ ነው። ጠመንጃቸውን በአደባባይ ያነገቱ ሰዎች ከአውድማው ዳር ቆመው ያወራሉ፤ አንዱም ድምፁን አልቀነሰም። ነጋዴው ቀድሞ ሰው ልኮ ስለነበር ባሌ እየጠበቀን ነው። ከአውድማው ውስጥ፣ ጠጉሩን እብቅ አልብሶት፣ መንሹን እንደያዘ መጣ።

«ምነው ያለ ገበያ ቀን?» አለ። ሊቀልድ ፈልጎ ነው።

ልጄ ከአህያዋ ወርዳ ሮጠችበት። አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ወር ሙሉ ያጠራቀመችውን ወሬ ባንዴ አወረደችበት፤ ስለ ጥጃዋ፣ ስለ ከረሜላው፣ ላማቸው የሰው ባቄላ ስለ ገባችበት ልጅ። እየጮኸች ነበር የምትናገረው። ዝም በይ ልላት አፌን ከፈትሁና ተውሁት። የሚሰማት ሁሉ ወገን ነው።

እኔ ገለባው ላይ ቁጭ አልሁ። የወንድሜ ሚስት ውሃ አምጥታ እግሬን ታጥበኝ ጀመር። «መንገድ እንዴት ነበር?» አለችኝ። ብዙ የምነግራት ነበረኝ፤ የወጣኝ ግን ይህ ብቻ ነው።

«ደርሰናል። እሱም አለ፣ እሷም አለች። ደህና ነን።»